የሰርብ ደብዳቤ የደረሳችሁ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ (በ2022 የተደረገ ጥያቄና መልስ፤ በውስጡ ያሉት የመጨረሻ ቀኖች አልፈዋል)

ሰላም ወገኖች። እዚህ ካናዳ ታክስ በመሥራት ነው የምተዳደረው። ደንበኞቼ በብዛት ሹፌሮች፣ የጽዳት ሠራተኞችና ቤታቸው ልጅ የሚጠብቁ እናቶች ናቸው። በ2020 ኮሮና ሥራ ሲያስቆመን መንግሥት ሰርብ ብሎ በየ4 ሳምንቱ 2,000 ዶላር ሰጥቷል። ከማርች 15 እስከ ሴፕቴምበር 26 ነበር። ይኸው አሁን በ2022 ደግሞ “ይገባህ እንደነበር አስረዳ” የሚል ደብዳቤ ብዙ ሰው ቤት እየገባ ነው። ስለዚህ ጠይቁኝ። ሁለት ነገር ግን አደራ። ሲን ቁጥራችሁን፣ ማለት መንግሥት የሰጣችሁን የግል መለያ ቁጥር፣ እዚህ አትጻፉ። የ2019 ወይም የ2020 ታክስ ያላስገባችሁ እስከ ዲሴምበር 31፣ 2022 ድረስ አስገቡ። ለምን እንደሆነ ከታች እነግራችኋለሁ።

ሹፌር ከካልጋሪ፦ ጋሼ እንደምን አሉ? ደብዳቤ መጣብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የምን ደብዳቤ? ከታክስ መሥሪያ ቤቱ ከሲ አር ኤ ነው ወይስ የጡረታና የሥራ አጥ ክፍያ ከሚሰጠው ከሰርቪስ ካናዳ? ስለ ሰርብ ነው ወይስ ከሱ በኋላ ስለመጣው ሌላ የኮሮና ክፍያ፣ ስለ ሲ አር ቢ? ማስረጃ አምጣ ነው የሚለው ወይስ ክፈል? ይህን ሳላውቅ ብመልስልህ እጎዳሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበውና ተመለስ።

የጽዳት ሠራተኛ ከኤድመንተን፦ ሰርብ ታክስ አለው እንዴ?

መልስ፦ አለው። ሲከፈልሽ ምንም አልተቆረጠበትም፣ ስለዚህ ታክስ ስታስገቢ ነው የሚታሰበው። ከሲ አር ኤ የወሰድሽ ከሆነ ቲ4ኤ የሚባለው ወረቀት ላይ፣ ሳጥን 197 ውስጥ ታገኚዋለሽ።

የኡበር ሹፌር ከቶሮንቶ፦ በ2019 ኡበር ብቻ ነው የሠራሁት። ታክስ የሠራልኝ ሰው ቤንዚኑን፣ ኢንሹራንሱን፣ ጥገናውን ሁሉ ቀንሶ 3,900 ዶላር ትርፍ ብቻ አሳየ። ሰርቡን 14,000 ሙሉውን ወስጃለሁ። አሁን ሰው ሁሉ መልስ ይለኛል። ልመልስ?

መልስ፦ ቆይ፣ አትቸኩል። ይህቺ ጥያቄ እንቅልፍ የምትነሳኝ ናትና ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የሰርብ ዋናው መስፈርት 5,000 ዶላር ነበር። በ2019 ወይም ካመለከትክበት ቀን በፊት ባሉት 12 ወራት ውስጥ ቢያንስ ይህን ያህል ገቢ ያስፈልግ ነበር። ደሞዝተኛ ለሆነ ሰው ምንም ክርክር የለውም። ለራሱ ለሚሠራ ሰው ግን ገቢ የቱ ነው? ተሳፋሪው የከፈለው ነው? ወይስ ቤንዚንና ኢንሹራንስ ተነስቶ እጅህ ላይ የቀረው? መጀመሪያ የወጣው መመሪያ ይህን ለይቶ አልነገረንም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች በወር በወር ደሞዝ የሚቀበል ሰው ነበር የታያቸው። መኪናውን እየነዳ፣ ወጪውንም በራሱ የሚችል ሰው አልታያቸውም።

ከዚያ በ2020 መጨረሻ ከ440,000 ለሚበልጡ ሰዎች ደብዳቤ ተላከ። ያኔ ነው የሚታሰበው ትርፉ ብቻ ነው የተባለው። አንድ ደንበኛዬ ያን ሰሞን ማታ ቤቴ የመጣው ከዓይኔ አይጠፋም። የጫማ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ይዟል። ደረሰኞቹን ዳሽቦርድ ላይ ያስቀምጣቸው ስለነበር ፀሐይ መትቷቸው ነጥተዋል፣ አንዱም አይነበብም። ጠረጴዛው ላይ ገለበጣቸውና “ከየት አምጥቼ ልክፈል?” አለኝ። የፈለግነው ነገር ግን ካርቶኑ ውስጥ አልነበረም። ታክሱ ላይ ነበር፣ መስመር 13499። ወጪ ሳይነሳ ያለው ጠቅላላ ገቢ የሚጻፈው እዚያ ነው። የተጣራው ቀጥሎ 13500 ላይ ነው።

ፌብሩዋሪ 9፣ 2021 መንግሥት ጉዳዩን አስተካከለው። ለራሱ የሚሠራ ሰው ጠቅላላ ገቢው 5,000 ከሞላ፣ የተጣራው ባይሞላም ሰርቡን አይመልስም ተባለ። ሌሎቹን መስፈርቶች ማሟላት አለበት። የ2019ና የ2020 ታክሱንም እስከ ዲሴምበር 31፣ 2022 ማስገባት አለበት። ስለዚያ ቀን ደጋግሜ የምጮኸው ለዚህ ነው።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። 3,900ው 13500 ላይ ያለው ነው። እስቲ 13499 ላይ ስንት ይላል? 5,000ና ከዚያ በላይ ከሆነ ለሰርቡ በዚህ ምክንያት ዕዳ የለብህም። ፈርቶ ቀድሞ የመለሰ ሰው ካለም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የማይመለከተውን ዕዳ ከልጆቹ ጉሮሮ ነጥቆ የከፈለ ሰው አውቃለሁ። በጣም ያሳዝነኛል።

የአውቶቡስ ሹፌር ከቶሮንቶ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ግን አልስማማም። ያን ጊዜ ሁሉ ማስክ አድርጌ ስነዳ ነበር። ቤት ገብቼ ልጆቼን ማቀፍ እፈራ ነበር። ሳይገባቸው የወሰዱ ሰዎች አሉ። ይመልሱ!

የኡበር ሹፌር ከቶሮንቶ፦ ወንድሜ፣ እኔስ ቤት የተቀመጥኩት ወድጄ መሰለህ? ፒርሰን ኤርፖርት ጭር ብሎ ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆሜ አንድ ሰው አላገኝም።

አባል ከኦታዋ፦ እርስ በርስ ከምትናከሱ ስለ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ተነጋገሩ። ለሠራተኛ ደሞዝ ተብሎ እስከ 75 ከመቶ፣ በሳምንት እስከ 847 ዶላር ድጎማ ተሰጣቸው። ድጎማውን እየወሰዱ ለባለ አክሲዮኖቻቸው ትርፍ ያከፋፈሉ አሉ። ለእነሱ ማን ደብዳቤ ላከ?

የአውቶቡስ ሹፌር ከቶሮንቶ፦ ያ ድጎማ ባይኖር የኔ ባለቤት ከሥራ ትወጣ ነበር። ሁሉንም አንድ ላይ አትጨፍልቀው።

መልስ፦ በቃችሁ። አንተ አውቶቡስ ነድተህ ሰው ባታደርስ ሆስፒታሉ ሠራተኛ አያገኝም ነበር፣ እናመሰግናለን። የኡበሩ ሹፌርም ቤት ተቀመጥ ተብሎ ነው የተቀመጠው። ድጎማው ጥሩም መጥፎም ሥራ ሠርቷል፣ ክርክሩን ሌላ ጊዜ እናደርገዋለን። እዚህ ደብዳቤ በእጃቸው ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

አባል ከሃሊፋክስ፦ ሰርብ ላይ ታክስ ይከፈላል?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

እናት ከዊኒፔግ፦ ልጄ፣ እኔ 68 ዓመቴ ነው። ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። ሲዘጋ ሰርብ ወሰድኩ። አምና ከጡረታዬ ጋር የሚመጣው ተጨማሪ ገንዘብ ቁልቁል ወረደብኝ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ ምንም አላጠፉም። ያ ተጨማሪ ጂ አይ ኤስ ይባላል። የሚሰላው ባለፈው ዓመት ገቢ ነው። ሰርቡ እንደ ገቢ ስለተቆጠረ ከጁላይ 2021 ጀምሮ የብዙ አዛውንት ተቀነሰ። ኋላ መንግሥት ስህተቱን አይቶ በኤፕሪል 2022 አንድ ጊዜ የማካካሻ ክፍያ ላከ። ከጁላይ 2022 ወዲህ ደግሞ እነዚህ የኮሮና ክፍያዎች ለጂ አይ ኤስ ስሌት አይቆጠሩም። ማካካሻው ባንክዎ ገብቶ እንደሆነ ልጆችዎ ይዩልዎት። ካልገባ ሰርቪስ ካናዳ ይደውሉ። ቋንቋው ቢያስቸግርዎ በውስጥ መስመር ይጻፉልኝ፣ አብሬዎት እደውላለሁ።

ተማሪ ከቫንኩቨር፦ ለተማሪ የተሰጠው 1,250 ዶላርስ?

መልስ፦ እሱ ሌላ ክፍያ ነው። ከሜይ እስከ ኦገስት 2020 ነበር፣ አልፏል።

አባል ከሬጃይና፦ ሰርብ መውሰዴ ሚስቴን ሳመጣ ችግር ይፈጥርብኛል?

መልስ፦ የኢሚግሬሽን ሰው ጠይቅ። ከሙያዬ ውጪ አልገባም።

ሞግዚት ከኤድመንተን፦ እኔ የሠራሁት በካሽ ነው። ፔይስታብ፣ የደሞዝ ወረቀት፣ የለኝም። ሲ አር ኤ ማስረጃ አምጪ አለኝ። አበቃልኝ?

መልስ፦ አላበቃም፣ ግን ሥራ አለብሽ። መጀመሪያ ታክስሽ ላይ አስመዝግበሽዋል? ካላስመዘገብሽ ችግሩ እዚያ ይጀምራል። ካስመዘገብሽ ገንዘቡ ባንክ የገባበትን ወር በወር አውጪ። ልጃቸውን የጠበቅሽላቸው ቤተሰቦች ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሽ፣ ስንት እንደከፈሉሽ ጽፈው ይፈርሙልሽ። የጽሑፍ መልእክት ካለ፣ “ዛሬ 6 ሰዓት ነይ” የሚለው እንኳን፣ አትሚው። በቀን ቅደም ተከተል አድርጊና ከላዩ የአንድ ገጽ ማብራሪያ ጻፊ። ፋይልሽን የሚያየው ሰው ፊትሽን አያይም፣ ወረቀትሽን ነው የሚያየው።

የመጀመሪያው ውሳኔ አይገባሽም ቢል እንኳን ሁለተኛ ማጣሪያ መጠየቅ ትችያለሽ። ሌላ ሰው ነው የሚያየው። እሱም እንቢ ካለ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፣ በ30 ቀን ውስጥ። ልብ በይ፣ ፍርድ ቤቱ በአብዛኛው የሚያየው ለሲ አር ኤ ያቀረብሽውን ማስረጃ ነው። ያን ጊዜ አዲስ ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ ማለት አይሠራም። ያለሽን ሁሉ አሁን አስገቢ።

አባል ከካልጋሪ፦ እኔ ደብዳቤውን ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ዝም ካልኳቸው ይተዉኛል አሉኝ።

መልስ፦ ማን ነው እንዲህ ያለህ? አይተዉህም። ዝም ስትል አይገባውም ብለው ይወስናሉ። ከዚያ የታክስ ተመላሽህን ለዕዳው ይይዙታል። ዛሬውኑ ክፈተው። ዕዳው እውነት ሆኖ ቢገኝ እንኳን ደውለህ በየወሩ በአቅምህ ለመክፈል መስማማት ትችላለህ።

የኡበር ሹፌር ከቶሮንቶ፦ ጋሼ፣ 13499 ላይ 11,240 ይላል! ከሰርብ በኋላ ሲ አር ቢም ወስጃለሁ። እሱም ነፃ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ የሰርቡ ደስ ብሎኛል። ሲ አር ቢ ግን ሌላ ነው፣ አትደባልቀው። በየ2 ሳምንቱ 1,000 ተብሎ 900 እጅህ የገባው እሱ ነው። ለሱ የሚታየው የተጣራው ገቢ ነው። ጠቅላላ ገቢው ይበቃል የተባለው ምሕረት ለሰርብ ብቻ ነው። በሌላ በኩል ለሲ አር ቢ የ2020 ገቢም ይታይ ነበር። የ2020ው 13500 ላይ ስንት አለህ? ኮሮና ከመግባቱ በፊት የሠራሃቸው ወራት ሊያድኑህ ይችላሉ። ፈልገህ ንገረኝ።

ሹፌር ከካልጋሪ፦ ጋሼ ተመልሻለሁ። ደብዳቤው ከሲ አር ኤ ነው፣ ስለ ሰርብ ነው፣ ማስረጃ አምጣ ነው የሚለው። የ2019 ታክሴን አስገብቻለሁ። የ2020ውን ግን አላስገባሁም።

መልስ፦ አየህ፣ አሁን መነጋገር ይቻላል። የ2020ውን ነገ ጀምር። ኡበር የምትነዳ ከሆነ አካውንትህ ውስጥ ገብተህ የ2019ና የ2020 የዓመት ማጠቃለያውን አውርድ። ባንክህን የሁለቱን ዓመት ስቴትመንት ጠይቅ። ደብዳቤው ላይ ያለውን የመጨረሻ ቀን ስልክህ ላይ መዝግብ። ወረቀት ካልደረሰልህ ከቀኑ በፊት ደውልና ጊዜ ለምን። ቅዳሜ ከሰዓት ነፃ ነኝ፣ ይዘህልኝ ና።