የጭንቀት መድኃኒትን ለመተው ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጉደል ነውን?

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት እንቅልፍ የሚነሣ ጭንቀት ይዞኝ ሐኪም ዲያዜፓም አዘዘልኝ። ዛሬ ከታዘዘልኝ መጠን እጥፍ እወስዳለሁ፤ ማዘዣ ለማግኘትም ለተለያዩ ሐኪሞች ዋሽቻለሁ። ጾሙ በሚገባበት ቀን ኪኒኑን ሁሉ ጥዬ በጸሎት ብቻ ለመተው ተስያለሁ። ጓደኛዬ ግን ሐኪም ሳላማክር እንዳላቆም ትለምነኛለች። ወደ ሐኪም ብሄድ ስእለቴን ማፍረስና እግዚአብሔርን አለማመን አይሆንብኝም?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ አስቀድመው ጓደኛዎን ይስሙ። ዲያዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ አልፕራዞላምና ክሎናዜፓም ቤንዞዲያዜፒን ከሚባል አንድ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ናቸው። ለብዙ ጊዜ ሲወሰዱ አንጎል እነርሱን ተደግፎ መሥራት ይለምዳል፤ በድንገት ሲቋረጡም ጭንቀቱ ከቀድሞው ብሶ ይመለሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ራስን የሚያስትና ለሞት ሊያበቃ የሚችል የሚጥል መንቀጥቀጥ ይከተላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2020 እ.ኤ.አ. በእነዚህ መድኃኒቶች ላይ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ እንዲጠናከር ያደረገው ስለ አላግባብ አወሳሰድና ስለ ሱስ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም አደጋ ጭምር ነው። ይህ መከራ ልክ እንደታዘዘላቸው በወሰዱት ሰዎች ላይም ይደርሳልና፣ መንቀጥቀጡን ያዩ ሰዎች የእምነት ማነስ ወይም የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ቢሉዎት አይቀበሏቸው።

ስለ ስእለትዎ የጠየቁት ከባድ ነገር ነው፤ ስእለት በቀላሉ አይፈርስም። ነገር ግን በኦሪት ዘሌዋውያን 27፥8 ላይ የተሳለው ሰው የተገመተበትን ለመክፈል አቅም ቢያጣ ካህኑ እንደ አቅሙ እንዲገምትለት ታዝዟል። እግዚአብሔር የሚሻው የተሳይውን ልብ እንጂ ጉዳቱን አይደለም። የእርስዎ ስእለት ፍሬ ነገሩ ከመድኃኒቱ እስራት መውጣት ነው፤ በአንድ ቀን መሆኑ ግን አደጋውን ሳያውቁ የጨመሩት ነው። ጌታችን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር ሲፈተን «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰ። አደጋውን ካወቁ በኋላ ኪኒኑን በአንድ ቀን መጣል ከዚያ ፈተና ጋር ይመሳሰላል ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ ለንስሐ አባትዎ ሁሉን ገልጸው ስእለቱን እንደ አቅምዎ እንዲያስተካክሉልዎ ይለምኗቸው።

ሐኪም ዘንድ መሄድማ ከእምነት ጋር አይጣላም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም እግዚአብሔር ከምድር እንደፈጠረ ይነግረናል፤ ጸሎትን፣ ንስሐንና ሐኪምን የሚያነሣውም በዚያው ምዕራፍ አከታትሎ ነው። ሕዝቅያስም በእንባ ጸልዮ ዕድሜ ከተጨመረለት በኋላ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደርጎለታል።

የሰውነትዎ መላመድ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ለሐኪሞቹ የተናገሩት ሐሰት ግን ንስሐ የሚገባበት ነው፤ እዚህ ላይ ንስሐውና ሕክምናው ይገናኛሉ። ሐኪሙ መጠኑን የሚቀንስልዎ አሁን በእውነት ከሚወስዱት ተነሥቶ ነው። አፍረው ግማሹን ቢደብቁ፣ እርሱ ጥቂት የቀነሰ ሲመስለው ሰውነትዎ በአንድ ጊዜ ብዙ ይጎድልበታል፤ ሊያስቀሩት የፈለጉት አደጋም በራስዎ ዝምታ ይመጣል። ስለዚህ ስንት እንደሚወስዱ፣ ከስንት ሐኪም እንዳሳዘዙ፣ የአልኮል መጠጥ ወይም ሌላ የሚያደነዝዝ መድኃኒት እንደሚጨምሩበት ሳይሸሽጉ ይንገሩት፤ እነዚህ አብረው ሲወሰዱ እስትንፋስን ሊያቆሙ ይችላሉና። ብዙ ጊዜ የሚመከረው አጀማመር በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ከመጠኑ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህል መቀነስ ሲሆን፣ ሐኪሙ እንደ ሁኔታዎ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል። ወራት ቢፈጅ፣ በመካከልም ለጊዜው ባለበት ቢቆም፣ ስእለትዎ እየተፈጸመ እንጂ እየፈረሰ አይደለም። መጀመሪያ ያስጨነቀዎት ነገር ራሱ ሕክምና የሚያሻው ከሆነም ያንኑ ጨምረው ያማክሩት።

ቀጠሮዎ እስኪደርስ በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፣ መጠኑንም አይጨምሩ፤ መጠጥ ፈጽሞ አይቅመሱ። የሚጥል መንቀጥቀጥ ወይም ራስዎን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ፣ በሰው ታጅበው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ። ሐኪሙ የመቀነሻውን ሰሌዳ ካወጣልዎ በኋላ ደግሞ ይዘውት ወደ ንስሐ አባትዎ ይመለሱ፤ ጾሙንና ስግደቱን ከዚያ ሰሌዳ ጋር አስማምተው ይወስኑልዎታል።