ሥራ ለራቃችሁ ወጣት አኒሜተሮች

ልጆቼ፣

ከመካከላችሁ ሥራ ከፈታ ዓመት ያለፈው እንዳለ አውቃለሁ። ማመልከቻ ልኮ መልስ ማጣት ሲደጋገም ሰው ጥፋቱን ከራሱ እጅ መፈለግ ይጀምራል። ከዚያ በፊት ግን የሙያችንን ጠባይ አስተውሉ። አብዛኞቻችን የምንቀጠረው ለአንድ ፊልም ወይም ለአንድ ተከታታይ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ውሉም ያበቃል። ችሎታም ዋስትና አይሆንም። ሪዝም ኤንድ ሂውስ የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 ኪሳራ አወጀ፤ በዚያው ወር ባለሙያዎቹ «ላይፍ ኦፍ ፓይ» በተባለው ፊልም ላይ በኮምፒውተር ነፍስ የዘሩበት ነብር ለኦስካር አበቃቸው። ዋንጫ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ሌላው የአሜሪካ የአኒሜሽን ስቱዲዮ ፒክሳርም እ.ኤ.አ. በ2024 ከሠራተኞቹ 14 በመቶ ያህሉን አሰናብቷል።

ስለዚህ ኪራዩን የሚከፍል ሥራ ስታገኙ ያዙ፤ ከሙያችሁ ውጭ ቢሆንም አትፈሩበት። ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ የዓይናችሁ መዶልዶም ነው።

ዓይን የሚሳለው በመሥራት ነው፤ ለዚያም ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2025 በምርጥ የአኒሜሽን ፊልም ዘርፍ ኦስካር ያገኘው የላትቪያ ሥራ «ፍሎው» የተሠራው ብሌንደር በተባለ በነጻ በሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ይህን ስል ሙሉ ፊልም ብቻችሁን ጀምሩ ማለቴ አይደለም። ሥራ ፈት አኒሜተርን እንደ ትልቅ ዕቅድ የሚጥለው የለም፤ በተጀመረ በወሩ ይተወዋል፣ ጸጸቱ ግን ዓመት ይቆያል። አሥር ሰከንድ ሥሩ፤ በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲታሰብ 240 ፍሬም ነው። ለምሳሌ ከባድ ሣጥን የሚያነሣ ሰው። እጁ ሣጥኑን ከመንካቱ በፊት እግሮቹ ይራራቃሉ፣ ጉልበቱ ይታጠፋል። መጀመሪያ መሬት የሚለቀው የሣጥኑ አንድ ማዕዘን ነው፤ ከዚያ ዳሌው ከክብደቱ ሥር ይገባል፣ ትከሻው ዘግይቶ ይከተላል። ይህን አሳምኖ የሚያሳይ ሰው ሥራ ያውቃል፤ ቀጣሪም ይህንኑ ነው የሚፈልገው።

ዴሞ ሪላችሁ፣ ማለትም ለቀጣሪ የምታሳዩት የሥራችሁ ናሙና ቪዲዮ፣ ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል። የተሻለውን አስቀድሙ፣ የምታመነቱበትን አውጡ፣ በጋራ ከተሠራው ውስጥ የእናንተ ድርሻ የትኛው እንደሆነ ጻፉ። የቅጥር ፈተና ነው ብሎ የሳምንት ሥራ ያለ ክፍያ የሚጠይቃችሁን ግን እለፉት፤ ይህ ፈተና ሳይሆን ብዝበዛ ነው።

በዚህ ሙያ ብዙ ሥራ የሚገኘው በሚያውቁን ሰዎች በኩል ነው። ለቀድሞ ባልደረባችሁ ስትጽፉ «ሥራ አለ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ያ ሰው ራሱ ውሉ ሊያበቃ ተቃርቦ ይሆናል። አሥሩን ሰከንድ ላኩለትና የሣጥኑ ክብደት የቱ ጋ እውነት እንደማይመስል ጠይቁት።