ጽጌረዳ በምን ያህል ሸክላ፣ በስንት ሊትር አፈር? የድሬና የሐረር ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቤቴ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለሁለት ከፍዬ ጽጌረዳ ብተክልበት ይሆናል?

መልስ፦ ለድንኳ ዝርያ ይሆናል ልጄ። በረጅም አገዳ ላይ አንድ አንድ ትልቅ አበባ ለምታወጣዋ ግን አይሆንም። ግማሹ የሚይዘው 10 ሊትር ገደማ ነው፤ ያንን የድሬ ፀሐይ ወዲያው ያደርቀዋል። ጉሮሮውን ብቻ ብትቆርጠው በዘለላ ለምታብበዋ ይበቃል። ለትልቋ ወርዱም ጥልቀቱም 40 ሳንቲሜትር የሆነ ፈልግ። ሐረር ደጋ ቢጤ ስለሆነ 35 ያስኬዳል። ጥቁር ፕላስቲክ ከሆነ ጆንያ አልብሰው፤ ያለዚያ ሥሯ ይቀቀላል።

ጥያቄ፦ 40 በ40 ስንት አፈር ይበላል?

መልስ፦ ከላይ እስከ ታች እኩል ከሆነ 50 ሊትር ነው፦ የወርዱን ግማሽ በራሱ፣ ከዚያ በ3.14፣ ከዚያ በጥልቀቱ አባዝተህ ለ1000 አካፍል። አብዛኛው ሸክላ ግን ወደ ታች ይጠባል። ታቹ 30 ከሆነ 39 ሊትር ቢሆን ነው። ከአፉ 4 ሳንቲሜትር ለውኃ ተውለት። አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ስለሚሰምጥ ግን ትንሽ ትርፍ አዘጋጅ። ሲርስ ከ50 ኪሎ ሊያልፍ ስለሚችል ቦታውን ሳትመርጥ አትሙላው።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ። አፈራችን ቀይ ነው፣ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል።

መልስ፦ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅይ። እርጥቡን ጨብጪው፤ እጅሽን ስትከፍቺ ቅርጹን ይዞ በጣት ሲነካ ከፈረሰ ደርሷል። እንደ ሊጥ ከተጣበቀ አሸዋ ጨምሪ። የድሬው አፈር አሸዋማ ከሆነ አሸዋውን ትታችሁ ብስባሹን አብዙት። ትኩስ ፍግ ግን በጭራሽ፤ ሥር ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ከታች ጠጠር ልደርድር?

መልስ፦ አያስፈልግም። ውኃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ይቆማል፣ ለሥር የሚሆነውም ቦታ ይባክናል። ቀዳዳው ላይ የሸክላ ስባሪ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ድሬ ነኝ፤ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ።

መልስ፦ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር አፈሩም ውስጥ ይከማቻል፤ ያኔ ተክሏ አፈሩ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድን መውሰድ ያቅታታል። ትንሽ አፈር ሲሆን ቶሎ ይብሳል፤ ትልቅ ሸክላ ግዙ የምለው ለዚህም ነው። የዝናብ ውኃ አጠራቅሙላት። በቧንቧ ውኃ ስታጠጡ ደግሞ ከታች እስኪወርድ አጠጧት። በየሁለት ዓመቱ የላዩን 5 ሳንቲሜትር አፈር አንስታችሁ በብስባሽ ተኩት።