ሰው ማዳመጥ እወዳለሁ ለምትል የሥነ ልቦና ምሩቅ

በሥነ ልቦና ተመርቀሽ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፈሽ፣ አሁን ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ባንክ የደንበኞች አገልግሎት ላይ እንደምትሠሪ ጽፈሽልኛል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰው ችግሩን የሚያወራው ለአንቺ ነው። አብራሽ የተመረቀች ጓደኛሽ ከዚራ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን የምክር አገልግሎት እንክፈት እያለችሽ ነው፤ እናትሽ ደግሞ «የሰው መከራ ስትሰሚ ውለሽ ታብጃለሽ» ብለው ፈርተዋል። ሥራውን ልጀምር ወይስ ሁለተኛ ዲግሪ ልማር፣ እናቴስ እውነት አላቸው ወይ ነው ጥያቄሽ።

እህቴ፣ ክፍሉን አሁን አትከራዩ። ምክንያቴን ለመረዳት ግን ከእናትሽ ፍርሃት መነሣት ይሻላል።

መከራ መስማት ይከብዳል፤ አልዋሽሽም። በምሥራቁ መንገድ ባሕር ሊሻገር ሄዶ ወንድሙን በረሃ ላይ የቀበረ ልጅ ታሪኩን ሲነግርሽ ውለሽ ማታ እራት አይበላልሽም። ያም ሆኖ ከዚህ ሙያ ሲወጡ ያየኋቸውን ጎበዝ ልጆች ያስወጣቸው የታሪኩ ክብደት አልነበረም። ብቸኝነቱ ነው። በሩ ተዘግቶ ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ክፍል የምትሠሪውን ማንም አያይልሽም። ባንክ ውስጥ ሒሳብ ቢጎድል ማታ ሲዘጋ ይታወቃል፤ እዚህ የጎደለው ሳይታወቅ ወራት ያልፋሉ። ተማካሪሽ አራት ጊዜ መጥቶ አምስተኛው ላይ ይቀራል። ተሽሎት ነው? ያልሽው ነገር አስከፍቶት ነው? ገንዘብ አጥሮት ነው? ወይስ ጅቡቲ ተሻግሯል? ብዙውን ጊዜ መልሱን አታገኚም። ባለማወቅ ውስጥ ለዓመታት ብቻውን የተቀመጠ አማካሪ ደግሞ ወይ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል ወይ፣ ከዚያ የከፋው፣ ራሱን መጠራጠር ያቆማል። ቴራፒስቶች ራሳቸውን ሲመዝኑ አብዛኞቹ «ከአማካዩ እበልጣለሁ» እንደሚሉ በጥናት ታይቷል። ሁሉም ከአማካይ ሊበልጥ እንደማይችል አንቺም ታውቂያለሽ።

ለዚህ የማውቀው መድኃኒት ሥራሽን የሚያይልሽ ሰው ነው፤ በሙያው ሱፐርቪዥን የምንለው። ከእሱ ቀጥሎ የሚረዳው መለካት ነው። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መጠይቅ በአማርኛ አለ፤ ዘጠኝ ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሞላል፣ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። በየቀጠሮው መጀመሪያ ላይ ተማካሪው ሲሞላው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቁጥሩ ከ18 ወደ 17፣ ከዚያ ወደ 19 ከሄደ፣ ወሬያችን የቱንም ያህል ቢጥም አልረዳሁትም ማለት ነው። ዘጠነኛዋ ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብ ናት፤ እሷን ሳታዪ ወረቀቱን አታስቀምጪ።

አሁን ጓደኛን ማዳመጥና ይህ ሥራ የሚለያዩበትን ቦታ ላሳይሽ። የማንንም ማንነት እንዳይነካ ከብዙ ሰው ታሪክ አውጣጥቼ ያቀናበርኩት ነው። ከሳዑዲ የተመለሰ ወጣት ነው እንበል። ሆስፒታል ሄዶ ልቡ ታይቷል፣ ደሙ ተመርምሯል፣ «ምንም የለብህም» ተብሏል። እሱ ግን ሌሊት ልቡ ይደልቃል፣ እጁ ይደነዝዛል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ «ወላሂ መሞቴ ነው» ብሎ ቤተሰቡን ቀስቅሶ በባጃጅ ድንገተኛ ክፍል ይደርሳል። ጓደኛው ብትሆኚ «አቦ ተው፣ ጤነኛ ነህ» ትይዋለሽ፤ ለዚያች ሌሊት ይረጋጋል። በሳምንቱ ይመለስበታል።

አማካሪው በመጀመሪያ ስለ ጫት ይጠይቃል። በርጫው መቼ ተጀመረ፣ መቼ ተነሣችሁ፣ ምን ተጠጣበት፣ እንቅልፍ ስንት ሰዓት ወሰደህ? ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የልብ ምት ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ያባርራል፤ አወዳይ አጠገብ ተቀምጦ ይህን የማይጠይቅ አማካሪ የጭንቀቱን ግማሽ አልሰማም። ሳይፈርዱ መጠየቅ ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። እንደ ታላቅ እህት ከተቆጣሽው በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዋሽሻል። ከዚያ ወረቀት ላይ አብራችሁ ክብ ትሥላላችሁ፦ ልብ መታ፣ «መሞቴ ነው» የሚል ሐሳብ መጣ፣ ሐሳቡ ፍርሃት አመጣ፣ ፍርሃቱ ልቡን ይበልጥ አስመታው። ቀጥሎ፣ ሐኪም ልቡ ደህና መሆኑን ማረጋገጡን አይታችሁ፣ የሕንፃውን ደረጃ አብራችሁ ትወጣላችሁ። ሆን ብላችሁ ልቡን ታስመታላችሁ። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ላቡ በድሬ ሙቀት እየተንቆረቆረ፣ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ ምቱን ይቆጥራል። ሳይወድቅ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ ማንንም ሳይጠራ ምቱ በራሱ ይበርዳል። ያን ጊዜ ቀና ብሎ የሚያይሽ አስተያየት እኔን በዚህ ሙያ ያቆየኝ ነገር ነው።

መንገዱ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ካስጀመረው፣ ሐሳብን በመመርመር ላይ ከተመሠረተው የንግግር ሕክምና ጋር የተዛመደ ነው፤ በመጽሐፍ ተጽፏል፣ አንብበሽዋልም ይሆናል። መጽሐፉ የማይነግርሽ ደረጃው መቼ እንደሚወጣ ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ ብትወስጂው ፈርቶ ይቀራል፤ በአሥረኛው ብትወስጂው ወራት በማጽናናት አልፈዋል። ያ ልክ የሚለመደው ሥራሽን ከሚያውቅ ሰው ፊት ስታቀርቢና «እዚህ ጋ ምን ፈርተሽ ነው የቆየሽው?» ስትባይ ነው። ብዙ ጊዜ የፈራው አማካሪው ነውና።

ስለ ከተማችንም ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ትምህርቱ ትልቅ ከተማን አስቦ የተዘጋጀ ይመስለኛል። ድሬዳዋ ውስጥ ተማካሪሽን ታይዋን ገበያ ታገኚያታለሽ፣ የአክስትሽ ጎረቤት ሆና ትመጣለች፣ ሐረር ጁገል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከእናትሽ ጋር የአንድ አፎቻ (እንደ እድር ያለ የሐረሪዎች ማኅበር) አባል ሆና ትገኛለች፤ ሰርጉም ለቅሶውም የጋራ ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ እንዲህ በያት፦ «ውጭ ብንገናኝ ቀድሜ ሰላም አልልሽም። ንቄሽ አይደለም፤ አብራሽ ያለችው ሰው ከየት ትተዋወቃላችሁ ብላ እንዳትጠይቅሽ ነው። አንቺ ሰላም ካልሽኝ ግን እመልሳለሁ።» በእኛ አገር ሰውን አይቶ ዝም ማለት ስድብ ነው፤ ቀድሞ ካልተነገረ አንድ የገበያ ቀን የወራት ሥራ ያፈርሳል። ሰርግ ሲጠሩኝ አልሄድም፤ ለቅሶ ግን እደርሳለሁ። የሥነ ምግባር ደንቡን አጥብቆ የሚይዝ ባልደረባ በዚህ ላይስማማኝ ይችላል። እኔ የሞተበትን ሰው በር አይቼ ማለፍ አልችልም፤ ጥግ ይዤ ተቀምጬ፣ ከየት እንደምንተዋወቅ ሳልናገር እመለሳለሁ።

ከፋዩ አባት፣ ታካሚዋ ልጅ ስትሆን ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። አባት «ምን አለችሽ?» ብሎ ይደውላል፤ የጠየቀው በክፋት አይደለም፣ ልጁ ናት። እሱም እሷም በተቀመጡበት፣ በሕይወቷ ላይ አደጋ ካላየሽ በቀር ምንም እንደማትናገሪ አስቀድመሽ አስረጂ። አደጋውን ስታዪ ብቻሽን አትያዢው። ድልጮራ ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ያሉትን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ገና ሥራ ሳትጀምሪ በስም ተዋወቂ፤ በጭንቅ ሰዓት የምትደውዪለት ሰው ድምፅሽን የሚያውቅ ይሁን።

ጸበል የሚሄድ፣ ሼኽ ዘንድ የሚሄድ፣ «ጂኒ ነው የያዘኝ» የሚል ይመጣል። አትከራከሪው። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ ብቻ ለምኚው፤ ሁለቱንም የሚያደርግ ብዙ ሰው አለ።

አፋን ኦሮሞ እሰማለሁ፣ መናገር ግን ያዳግተኛል ብለሻል። ከማስተርሱ እኩል የምቆጥረው ይህን ነው። ከገጠር የምትመጣ እናት የአጎቷን ልጅ አስተርጓሚ አድርጋ ስትቀመጥ፣ ስለ ባሏ ምን ልትነግርሽ ትችላለች? በሳምንት ሁለት ማታ ለቋንቋው ስጪ፤ ሶማሊኛም ትንሽ ብትጨምሪበት ሳቢያንና መጋላ ሰፈር ውስጥ ሌሎች የማይደርሱት ሰው ጋ ትደርሻለሽ።

ወደ ትምህርቱ ልምጣ። የመጀመሪያ ዲግሪሽ መሠረት ሰጥቶሻል፤ ሰው ለማከም ግን አላዘጋጀሽም። በክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣሉ። ስትጠይቂ የኮርሱን ዝርዝር ትተሽ ከተማካሪ ጋር ስንት ሰዓት እንደምትቀመጪና በዚያ ሰዓት ማን እንደሚያይሽ ጠይቂ። ሙያው በአገራችን ወጣት ነው፤ ሳይካትሪስት እንኳ እዚሁ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ሱፐርቫይዘር እንደ ልብ አይገኝም፤ ተማሪ ሳለሽ የምታገኚውን ሰው አጥብቀሽ ያዢ፣ ተመርቀሽ ስትመለሺም በስልክ ይከተልሽ።

ገቢውን በተመለከተ፣ በግል ቢሮ ብቻ ድሬዳዋ ላይ መጀመሪያ አካባቢ የቤት ኪራይ መሸፈን ከባድ ነው። ቀጠሮ ይሰረዛል፣ በረመዳን ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ያንሳል፣ «ለማውራት ብቻ ነው የሚከፈለው?» የሚልም አለ። ብዙዎቻችን የኖርነው የትምህርት ቤት አማካሪ ሆነን፣ ከስደት ተመላሾች ጋር በሚሠሩ ድርጅቶች ተቀጥረን፣ ሥልጠና ሰጥተን ነው። እነዚህ ሥራዎች ከደመወዛቸው በላይ የሚሰጡሽ ባልደረባ ነው። የባንኩን ሥራ ማመልከቻሽ ተቀባይነት እስኪያገኝ አትልቀቂ። ጓደኛሽንም አታሳዝኛት፤ ክፍል ከመከራየት ይልቅ በሙያው ካሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ጋር ሆናችሁ በየሁለት ሳምንቱ ተገናኙ፣ ስም ሳትጠሩ የገጠማችሁን ተወያዩ። ቢሮ ለመክፈት በደረሳችሁ ጊዜም ከአከራይ በፊት ጤና ቢሮ ሄዳችሁ ስለ ፈቃዱ ጠይቁ።

የማመልከቻ ደብዳቤሽን ረቂቅ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። «ሰው መርዳት እወዳለሁ» የሚለውን አውጪው፤ ሁሉም አመልካች ይጽፈዋል። በእሱ ቦታ ከየትኞቹ ሰዎች ጋር መሥራት እንደምትፈልጊ፣ ለምን ድሬዳዋ ላይ፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጻፊ።