ውሉ ላይ 3,000 ዩሮ፣ እጅ ላይስ ስንት?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍሎች። ታናሽ ወንድሜ ነርስ ነው። ከጀርመን ሆስፒታል በወር 3,000 ዩሮ ግሮስ (ግብርና መዋጮ ከመቆረጡ በፊት) የሚል የሥራ ውል መጥቶለታል። ባለቤቱና የሦስት ዓመት ልጁ ለጊዜው እዚሁ ለገጣፎ እኛ ጋ ይቆያሉ። ለጉዞው የተበደርነውን ለመክፈል በወር 1,500 ዩሮ ይልካል ብለን አስበናል። ጉዳዩን የያዘልን ሰው 3,000ውን በዕለቱ ምንዛሪ አባዝቶ ነው ያሳየን። ሒሳባችን ያስኬዳል? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ አያስኬድም። ለአበዳሪዎች ቃል ከመግባትዎ በፊት መጠየቅዎ ግን በጣም ጥሩ አድርገዋል። 3,000 ዩሮ በየትኛውም ወር ወንድምዎ እጅ አይገባም፤ ስለዚህ በምንዛሪ መባዛት ያለበት ቁጥር እሱ አይደለም።

እዚህ ከደመወዝ ላይ የሥራ ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ እንደሚቆረጠው፣ እዚያም ይቆረጣል፤ የተቆራጩ ዓይነት ግን ይበዛል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጣኔ እናስላው። ለጡረታ 9.3 በመቶ ነው፤ ከ3,000 ዩሮ 279 ይሆናል። ለጤና መድን 7.3 በመቶ ሲሆን፣ እያንዳንዱ የመድን ድርጅት የሚጨምረው ተጨማሪ መዋጮ አለ፤ የዚህ አማካይ የሠራተኛው ድርሻ 1.25 በመቶ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 256.50 ዩሮ ይመጣሉ። ለሥራ አጥነት መድን 1.3 በመቶ፣ ማለትም 39 ዩሮ። ለአረጋውያንና ለሕሙማን እንክብካቤ መድን 1.8 በመቶ፣ 54 ዩሮ። በድምሩ 628.50 ዩሮ ግብር ሳይነካው ይሄዳል።

የመጨረሻው 1.8 በመቶ ልጅ ላለው ሰው ነው። ልጅ የሌለው፣ ዕድሜውም ከ23 ያለፈ ሠራተኛ 2.4 በመቶ ይከፍላል። ልጁ የሚኖረው ለገጣፎ ቢሆንም ወንድምዎ አባት መሆኑን ማስረዳት ይችላል፤ ነገር ግን አሠሪው ማስረጃ ካላየ ልጅ እንደሌለው ቆጥሮ በየወሩ 18 ዩሮ ይጨምርበታል። የልጁን የልደት የምስክር ወረቀት አስተርጉሞና አረጋግጦ ይዞ ይሂድ።

ከዚያ ግብሩ ይመጣል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «ባለትዳር ስለሆነ ግብሩ ይቀንስለታል» ይባላል። ለባለትዳር የሚቀንሰው 3ኛው የግብር ምድብ የትዳር ጓደኛዋም እዚያው እንድትኖር ይጠይቃል። ሚስቱ ኢትዮጵያ እስካለች ድረስ የሚመደበው 1ኛ ምድብ ላይ፣ እንደ ላጤ ነው፤ ግብሩም በወር 305 ዩሮ ገደማ ይሆናል። እሷ ሄዳ አብራው መኖር ስትጀምርና 3ኛ ምድብ ሲጠይቅ ወደ 50 ዩሮ አካባቢ ይወርዳል። እስከዚያው እጁ የሚገባው በግምት 2,065 ዩሮ ነው። የልጆች አበልንም ከቆጠራችሁ ሰርዙት፤ ኢትዮጵያ ለሚኖር ልጅ አይከፈልም።

የመጀመሪያው የክፍያ ደረሰኝ ከዚህ አንሶ ቢመጣ ሦስት ቦታ ይመልከት። አንደኛ፣ ማዘጋጃ ቤት ሲመዘገብ በፖስታ የሚላክለትን የግብር መለያ ቁጥር ለአሠሪው ካልሰጠ፣ ከፍተኛው ግብር ባለው 6ኛ ምድብ ሊቆረጥበት ይችላል። የተረፈው በኋላ ይመለሳል፤ የዚያን ወር ኪራይ ግን አይከፍልም። ሁለተኛ፣ በዚያው ምዝገባ ሃይማኖት ይጠየቃል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ አማኝ የቤተ ክርስቲያን ግብር የለበትም፤ በጀርመኑ ወንጌላዊት ወይም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባልነት የተመዘገበ ግን ከግብሩ ላይ 8 ወይም 9 በመቶ ይታከልበታል። ስለዚህ ቅጹን ሳያነብ አይፈርም። ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው የሙያ ዕውቅናው ነው። የነርስነት ማስረጃው እዚያ እስኪጸድቅ ድረስ በረዳትነት፣ በዝቅተኛ ደመወዝ መሥራት የተለመደ ነው። ውሉ ላይ ያለው 3,000 ከመጀመሪያው ቀን ነው ወይስ ከዕውቅና በኋላ? ይህን ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ።

አሁን ወደ ዕዳው። ኪራይ ከነማሞቂያው 700 ዩሮ ቢሆን፣ ምግብ 300፣ ወርኃዊው የአገር አቀፍ የትራንስፖርት ትኬት በ2025 ዋጋው 58፣ ስልክ 20፣ እያንዳንዱ ቤት የሚከፍለው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ክፍያ 18.36፣ ወደ 970 ዩሮ ይቀራል። ልብስ፣ ሕመምና ድንገተኛ ወጪ ሲታሰብ ከ700 በላይ ይልካል ብላችሁ አታቅዱ። 1,500 ቢልክ የሚቀረው 565 ዩሮ ገደማ የቤት ኪራዩን እንኳ አይሸፍንም። አከራይ እስከ ሦስት ወር ኪራይ መያዣ መጠየቅ ይችላል፤ ደመወዝም አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በወር መጨረሻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ባዶ አድርጋችሁ የመክፈያ ጊዜውን ተነጋገሩ።

ገንዘቡን ሲልክ በሚስቱ ስም ባለ የባንክ ሒሳብ ይላክ። ለቤተሰብ የሚላክ ድጋፍ በዓመታዊው የግብር ማስታወቂያ ከገቢ ላይ ሊቀነስለት ይችላል፤ ለእኛ አገር ነዋሪ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቢሆንም አይናቅም። ከ2025 ጀምሮ ግን ገንዘቡ ወደ ተቀባይዋ ሒሳብ ካልገባ አይቆጠርም፤ በሰው እጅ የተላከ ጥሬ ገንዘብ ዋጋ የለውም።

መጣኔዎቹ በየጥር ወሩ ይለወጣሉ። የጀርመን ፌዴራል ገንዘብ ሚኒስቴር በድረ ገጹ ነጻ የግብር ማስያ አለው፤ ዓመተ ምሕረቱን፣ 1ኛ ምድብንና ግሮሱን አስገብታችሁ ግብሩን አውጡ።

ጥያቄ፦ እህቴ ዱባይ ሱቅ ውስጥ በ2,500 ድርሃም ልትቀጠር ነው። ታክስ ስለሌለ ሙሉውን ታገኛለች? (ከገላን)

መልስ፦ በደመወዝ ላይ ግብር የለም፤ 2,500 ድርሃም ወደ 680 ዶላር ነው። ከደመወዟ የሚወጣው የግዴታ የሥራ ማጣት መድን በወር 5 ድርሃም ገደማ ነው። የቪዛና የቅጥር ወጪ የአሠሪው ስለሆነ ከእሷ ሊቆረጥ አይገባም።

ውሉን ገልጠው ግን መሠረታዊ ደመወዙን ለይተው ይዩት። 1,200 መሠረታዊ፣ 800 የቤት፣ 500 የትራንስፖርት ተብሎ ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል። መኝታ አሠሪው ከሰጠ 800ው ይቀራል ወይ ብለው ይጠይቁ፤ ከቀረ በእጇ 1,700 ነው። የሥራ ስንብት ክፍያም የሚሰላው በመሠረታዊው ብቻ ነው፦ ቢያንስ አንድ ዓመት ከሠራች፣ እስከ አምስት ዓመት ላለው አገልግሎት በየዓመቱ የ21 ቀን። በ1,200 መሠረታዊ የሁለት ዓመቱ 1,680 ድርሃም ሲሆን፣ መሠረታዊው 2,000 ቢሆን 2,800 ይሆን ነበር። ከመፈረሟ በፊት መሠረታዊው ከፍ እንዲል ትጠይቅ።