መፀው ሲገባ ጓሮአችሁን እዩ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ደብረ ብርሃን የምትኖር አንዲት ወጣት «ጋሼ፣ ክረምቱ ወጣ፤ ጓሮዬ ላይ ምን ልትከል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ አጭር ነው። የምታጠጣው ውሃ ካላት ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ነጭ ሽንኩርት ትትከል፤ ውርጭ ይችላሉ። ቲማቲም አትሞክር። ይህን ማንኛውም የግብርና ባለሙያ ይነግራታል። ጥያቄዋ ግን እናቴን አስታወሰኝና ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ።

መፀው መስከረም 26 ይገባል። እኛ አገር፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አደዩ ሲረግፍ ውርጩ ይከተላል። ከዓለማያ፣ ከዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በተመረቅሁበት ዓመት ጥቅምት ላይ ቤት ሄድሁ። ጓሮአችን ተዳፋት ነው፤ ከላይም ከታችም ዘግይቶ የተተከለ ድንች ነበረበት። አመሻሽ ላይ እናቴ ጭድ ተሸክማ ወጣችና የታችኛውን ብቻ አለበሰች። ጭዱ ያለቀባት መስሎኝ ላመጣላት ስነሳ «ተወው ልጄ፣ የላዩን አይነካውም። ብርዱ እንደ ውሃ ቁልቁል ነው የሚወርደው» አለችኝ። ጠዋት ብንወጣ በታች በኩል አጥሩ ጥግ ጭድ ያልደረሰው ድንች ቅጠሉ ጠቁሮ ተኮማትሯል፤ የላዩ ግን ለምለም እንደሆነ ነው።

ምክንያቱን ተምሬዋለሁ። ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲቆም መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ትለቃለች፤ የቀዘቀዘው አየር ከብዶ ዝቅ ወዳለው ቦታ ይጠራቀማል። ነገር ግን በጥቅምትና በኅዳር ስንት ጥርት ያለ ሌሊት አለ! እናቴ በየሌሊቱ አታለብስም ነበር። ሲመሽ ትወጣለች፣ ቀና ብላ ታያለች፣ አፈሩን በመዳፏ ትዳብሳለች፣ ጥቂት ትቆማለች፤ ከዚያ ወይ ጭድ ታወጣለች ወይ ትገባለች። ምኑን አይታ እንደምትቆርጥ አልጠየቅኋትም። በየወረዳው ገበሬ ሳስተምር እሷን «ለከርሞ እጠይቃታለሁ» እያልሁ አቆየሁ። አረፈች። ይኸው ዛሬም ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች አደይ አበባ መሐል ቆማችሁ ፎቶ መነሳት ትወዳላችሁ፤ ጎንበስ ብሎ አፈሩን የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ስልካችሁ የሚነግራችሁ የከተማውን ብርድ እንጂ የጓሮአችሁን የታችኛውን ጥግ አይደለም። ፀሐይ ሳይሞቅ ውጡና ውርጩ ሣሩን የት ላይ እንዳነጣው እዩ። እንዲያውም ስልኩን ይዛችሁ ውጡ፤ በየጠዋቱ ከአንድ ቦታ ላይ ቆማችሁ አንሱት። የእናቴ ጓሮ እንዲህ ያለ መዝገብ ቢኖረው ዛሬ ምን ያህል ነገር ይገባኝ ነበር!

ኅዳር 12 ሲታጠን ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ልማዱ ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የመጣ ነው፤ ጢሱን እኔም እወደዋለሁ፣ ልጅነቴን ይመልስልኛል። የጓሮአችሁን ደረቅ ቅጠል ግን አታቃጥሉት። ከእበትና ከአፈር ጋር ደራርባችሁ አርጥቡት፣ አልፎ አልፎም አገላብጡት፤ ለሰኔ ብስባሽ ይሆናችኋል። በሽታ የመታው የድንችና የቲማቲም ቅጠል ብቻ ይቃጠል።