እግዚአብሔር እውነት ይናደዳል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ከረሙ? መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «እግዚአብሔር ተቆጣ»፣ «ቁጣው ነደደ» የሚል በየቦታው አነባለሁ። እውነት እንደኛ ይናደዳል ወይስ አባባል ነው? መሥሪያ ቤቴ ሠራተኛ ሲቀንስ ከወጣሁ ወዲህ «ተቆጥቶኝ ነው» እያልኩ ጸሎት እንኳ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ሥራ ማጣትሽ የቁጣ ማስረጃ አይደለም። የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሌላው ይልቅ በደለኞች ስለነበሩ ነው ብለው ላሰቡት ጌታ «አይደለም» ነው ያላቸው (ሉቃ. 13፥4-5)።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ እንደኛ አይናደድም። ሰው ሲናደድ ደሙ ይፈላል፣ ያላሰበውን ይናገራል፣ ሲበርድለት ይጸጸታል። እግዚአብሔር ግን «አልለወጥም» ያለ አምላክ ነው (ሚል. 3፥6)። ዓይኑ ሲባል ማወቁን፣ ክንዱ ሲባል ኃይሉን እንደምንረዳ ሁሉ፣ ቁጣውም በእኛው ቋንቋ የተነገረን ነው። ኃጢአትን ፈጽሞ እንደማይቀበል፣ እንደሚፈርድም ይነግረናል። ስለዚህ «አባባል ብቻ» ብለሽ አትለፊው፤ ፍርዱ እውነት ነው። ዓይኑን የታመመ ሰው ደጅ ሲወጣ ብርሃኑ ይወጋዋል። ፀሐይዋ ግን እሱን ብላ አልከረረችም፤ ለጎረቤቱም የወጣችው ያችው ናት።

ስንቱን አየሁ መሰለሽ፣ እግዚአብሔርን እንደ ቁጡ አለቃ ፊቱን እያየ የሚኖር! አንድ ጊዜ ልጇን የቀበረች እናት ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች መጣች። አንድ እስር ጧፍ ይዛለች። አጥብቃ ከመያዟ የተነሣ ጧፉ በእጇ ሙቀት ጎብጧል። «መምህር፣ ምን ባስገባ ይበርድለታል?» አለችኝ። መልስ ከአፌ አልወጣም፤ አብሬያት ተቀመጥኩ። ኋላ ነው የነገርኳት። ስለት ምስጋና ነው፣ ጧፍም ከጸሎት ጋር የሚበራ ነው፤ ማባበያ ግን አይደለም። የተናደደ የለምና የሚበርድለትም የለም።

በየዓመቱ ጾመ ነነዌን 3 ቀን ስንጾም ትንቢተ ዮናስን እንሰማለን። እዚያ ውስጥ ደሙ ሲፈላ የምናየው ማን እንደሆነ ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ? ነቢዩ ነው! ከተማዋ ተረፈች ብሎ ይቆጣል፣ ጥላ የሆነችለት ቅል ደረቀች ብሎ ሞቱን ይለምናል። እግዚአብሔር ግን በእርጋታ ይጠይቀዋል፦ ከ120,000 ለሚበልጡ ሰዎች፣ ለእንስሶቹም አላዝንምን? ንዴቱ የእኛ ነው። እኛ ነን ለእሱ የምናለብሰው።

«ታዲያ ጌታችን ተቆጥቶ የለም ወይ?» ትዪኝ ይሆናል። አዎ፣ ተቆጥቷል (ማር. 3፥5)። ሥጋችንን በእውነት ተዋሕዷልና ከኃጢአት በቀር የእኛ የሆነው ሁሉ ነበረው፤ ተርቧል፣ አልቅሷል። ያን ቀን በምኵራብ ስለ ልባቸው ድንዳኔ እያዘነ ዙሪያውን በቁጣ ተመለከተ። ወዲያው እጁ የሰለለችውን ሰው «እጅህን ዘርጋ» አለው። ዘረጋት፤ ዳነችም። የጌታችን ቁጣ ያን ቀን የሠራችው ሥራ ይህች ናት።

ዛሬ ማታ ዳዊትሽን ግለጪና መዝሙር 102ን ድገሚ። «ከቁጣ የራቀ» የሚለው ላይ ስትደርሺ ቆም በይ። የሥራሽን ነገር እዚያው ላይ ንገሪው። እሑድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባትሽን ሳታናግሪ ወደ ቤት አትመለሺ።